የለንደን ባቡር ካርታ ርቀት አይነግራችሁም

ለንደን የምትሄዱ ከሆነ ይቺን ያዙልኝ። የምድር ውስጥ ባቡሩን ካርታ ለመስመር እንጂ ለርቀት አትመኑት።

ካርታውን እኔ በጣም ነው የምወደው። ሃሪ ቤክ የሚባል የኤሌክትሪክ ንድፍ ሠራተኛ በ1931 እ.ኤ.አ. ነደፈው፤ በ1933 ታተመ። መስመሮቹን ቀጥ ቀጥ አደረጋቸው። መሐል ከተማውን ሰፋ፣ ዳር ዳሩን ሰብሰብ አደረገው። ከመሬት በላይ ካለው ነገር ካርታው ላይ ያሳየው የቴምዝን ወንዝ ብቻ ነው። እንግዳ ሰው እንኳን አንዴ አይቶት የሚገባው ለዚህ ነው። ርቀቱ ግን የእውነት አይደለም።

ከሌስተር ስኩዌር ጣቢያ እስከ ኮቨንት ጋርደን ጣቢያ 260 ሜትር ገደማ ነው። ባቡሩ ጋ ወርዳችሁ እስክትወጡ በእግር ትደርሳላችሁ። ኮቨንት ጋርደን ደግሞ ሊፍቱን ትታችሁ በእግር ልውጣ ካላችሁ 193 ደረጃ ይጠብቃችኋል! ኩዊንስዌይና ቤይስዋተር የሚባሉ ጣቢያዎችም አሉ። ካርታው ላይ በተለያየ መስመር ስለሆኑ ባቡር መቀየር ግድ ይመስላል። መሬት ላይ ግን አንድ መንገድ ዳር ናቸው።

ስለዚህ መሐል ከተማ ውስጥ አንድ ሁለት ጣቢያ ብቻ ከቀራችሁ፣ ወደ ባቡሩ ከመውረዳችሁ በፊት የእግር መንገዱን ስልካችሁ ላይ እዩ። የከተማው ትራንስፖርት መሥሪያ ቤትም ከጣቢያ ጣቢያ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ የሚያሳይ ካርታ አውጥቷል።