ከደብረ ብርሃን ወደ ሲንጋፖር ለምትሄዱ፦ የመጀመሪያው ዓርብ ምን ትበላላችሁ?

ሰሞኑን ለዕረፍት ደብረ ብርሃን ነኝ። ለትምህርት ሲንጋፖር ሊሄድ የተሰናዳ የጎረቤታችን ልጅ መጥቶ «ጋሼ፣ ረቡዕና ዓርብን እንዴት ልሆን ነው?» አለኝ። የእኔም ጭንቀት ይኸው ስለነበር ለእሱ የነገርኩትን ለሌሎቻችሁም ልጻፈው።

ደሴቲቱ ከምድር ወገብ አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትርቀው። ክረምት በጋ ሳይል ቀን ቀን 31 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሸዋ ሮቢት የምታውቁት ሙቀት ጥላ ሲገቡ ቀለል ይላል፤ ይሄኛው እርጥብ ስለሆነ ጥላም አያስጥልም። የመጀመሪያው ሳምንት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ውኃ በደንብ ጠጡ፤ የቧንቧው ይጠጣል።

የሚበላው ሆከር ሴንተር ነው፤ ጎኑ ክፍት የሆነ ሰፊ አዳራሽ፣ ውስጡ ብዙ ትንንሽ ምግብ ቤት። አብዛኛው ሰሐን ከ4 እስከ 6 የሲንጋፖር ዶላር ነው። ሬስቶራንት ከገባችሁ ግን ብዙ ጊዜ 10 በመቶ የአገልግሎትና 9 በመቶ ግብር ይጨመርበታል። ባዶ ጠረጴዛ ላይ አንድ ፓኬት ሶፍት ካያችሁ ተይዟል ማለት ነው፣ እንዳትቀመጡ። ሻጮቹን «አንክል»፣ «አንቲ» በሏቸው፤ የእኛ ጋሼና እትዬ ማለት ነው፣ ፊታቸው ይፈታል። በልታችሁ ስትጨርሱ ትሪውን ራሳችሁ መልሱ፤ ከ2021 ወዲህ ግዴታ ነው። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ሱቁ ላይ የሐላል ምልክት ፈልጉ፤ ትሪ መመለሻውም ለብቻ ነው።

አሁን ወደ ጾሙ። እኔ የመጀመሪያው ዓርብ «አትክልት» ብዬ አዘዝኩ። ጎመን የመሰለ ቅጠል በቀይ ድልህ ተጠብሶ መጣ፤ የቤቴን ምግብ ያየሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። አንድ ጊዜ እንደጎረስኩ የባሕር ሽታ አፍንጫዬን መታው። ድልሁ ሳምባል ይባላል፤ ውስጡ በላቻን የሚሉት ሽሪምፕ ከተባለ ትንሽ የባሕር እንስሳ ተፈጭቶ የሚሠራ ነገር ነበረበት። ሹካዬን አስቀመጥኩና በሙዝ ዋልኩ። ሳምባል ያለበትን ሁሉ ሳትጠይቁ አትቅመሱ።

መውጫው «ቬጀቴሪያን» የሚል ሱቅ ነው። ከቡድሂስት ቻይናውያን ብዙዎቹ በጨረቃ አቆጣጠራቸው ወር በገባ በ1 እና በ15 ሥጋ አይበሉም፤ በነዚያ ቀናት ሰልፉ ይረዝማል። ቢሁን የሚባል ቀጭን የሩዝ ፓስታ ከጎመንና ቶፉ ከሚሉት የአኩሪ አተር አይብ መሰል ነገር ጋር ይሰጧችኋል። ሥጋ የሚመስል ቁራጭ ብታዩ ከአኩሪ አተር ወይም ከስንዴ የተሠራ ነው። እምነታቸው ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም ስለሚከለክል ለእኛ አፍ ይጎድለዋል። አንዳንዱ እንቁላል ስላለበት «ኖ ኤግ፣ ኖ ሚልክ» በሉ።

ለእኔ ግን ሊትል ኢንዲያ በሚባለው የሕንዶች ሰፈር ያለውን ገበያና ሆከር ሴንተር፣ ቴካ ሴንተርን፣ የሚያህል የለም። ቶሳይ እዘዙ፤ ሩዝና ጥራጥሬ ተፈጭቶ፣ ሊጡ አድሮና ቦክቶ በምጣድ የሚጋገር ነው። መኮምጠጡ እንጀራን ያስታውሳችኋል፣ የሚበላውም በቀኝ እጅ ነው። ቅቤ እንዳይቀቡት «ኖ ጊ» ማለት አትርሱ። እዚያው ገበያ ውስጥ ምስር ክክ፣ ሽምብራ፣ እርድና ዝንጅብል ስላለ ወጥ ለመሥራት አትቸገሩም።

ቡና ያሳዝናል። ኮፒ የሚሉት በጣፋጭ የታሸገ ወተት ነው። ያለ ወተት ከፈለጋችሁ «ኮፒ ኦ»፣ ያለ ስኳር ደግሞ «ኮፒ ኦ ኮሶንግ» ነው። ነገር ግን ፍሬው ብዙ ጊዜ ከስኳርና ከማርጋሪን ወይም ከቅቤ ጋር ስለሚቆላ፣ በጾም ቀን ሻይ፣ «ቴ ኦ» እዘዙ። ቡናችሁን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።

በርበሬና ሽሮ በትንሽ በትንሹ ቋጥራችሁ ውሰዱ፣ ስትደርሱም ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፤ በዚያ እርጥበት ቶሎ ይበላሻል። ቋንጣ ግን ተዉት፤ ሥጋ ማስገባት ላይ ቁጥጥሩ ጥብቅ ነው። የምንጃር ጤፍ ዱቄት ካገኛችሁ ሁለት ሦስት ኪሎ ያዙ። ስታቦኩ የደብረ ብርሃንን ልማድ እርሱት። እዚህ በብርዱ ሦስት አራት ቀን የሚጠበቀው ሊጥ፣ እዚያ ማታ ተቦክቶ ጠዋት ከዕቃው አልፎ ሲፈስ ታገኙታላችሁ።