መስቀለኛ መንገድ ላይ ሌላው ሹፌር ምን ሊያደርግ እንደሆነ ቀድሞ እንዴት ይታወቃል?

ከአያት ወደ ጣፎ ወይም ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ የነዳ ሰው ያውቀዋል፣ መብራት የሌለው የመንገድ መገናኛ ላይ ባጃጁም ሚኒባሱም ሲኖውም እኩል ነው የሚመጣው፣ ትራፊክ ፖሊስ ካልቆመ ማን ይቅደም የሚለው በመተያየት ነው የሚያልቀው። ህጉን ማወቅ ግዴታ ነው፣ ለምሳሌ አደባባይ ውስጥ ላለው መኪና ቅድሚያ ይሰጠዋል፣ ግን ቅድሚያው የናንተ ሆኖም ያኛው ሊለቅላችሁ ነው ወይስ ሊገባባችሁ የሚለውን እናንተ ናችሁ ማንበብ ያለባችሁ።

መጀመሪያ ከመድረሳችሁ በፊት እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንስታችሁ ፍሬኑ ላይ አድርጉት፣ ገና አትርገጡት። በ60 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል፣ በ30 ከሆነ 8 ሜትር ገደማ ነው፣ እና እግር ከነዳጅ ወደ ፍሬን እስኪሻገር የሚባክነው ጊዜ ቀላል አይደለም።

ከዛ ፍሬቻ ሳይሆን ጎማ እዩ። ፍሬቻ አብርቶ ረስቶት የሚሄድ አለ፣ ጭራሽ የማያበራም አለ። የቆመ መኪና ሊወጣ ሲል ግን ቦዲው መንቀሳቀሱ ሳይታወቃችሁ የፊት ቸርኬው መዞር ሲጀምር ታዩታላችሁ። የሚመጣ መኪና ከሆነ አፍንጫውን እዩ፣ ፍሬን ሲይዝ ፊቱ ደፋ ይላል፣ ካልደፋና ፍጥነቱ ካልቀነሰ ፍሬቻ ቢያሳይም ለመታጠፍ ተዘጋጅቷል ብላችሁ አትውጡ።

ቀጥሎ ሹፌሩ ምን ፈልጎ ነው በሉ። የሚኒባስ ረዳት በሩን ከከፈተ ወይም ከመገናኛው ማዶ ሰው ታክሲ እየጠበቀ ከሆነ ታክሲው ቀኝ ጥግ ሊይዝ ነው፣ በቀኙ ለማለፍ እንዳትሞክሩ። ባዶ ባጃጅ ቀስ ብሎ ግራ ቀኝ ሰው እያየ ከሄደ እዛው መሀል መንገድ ላይ ሊዞር ይችላል ርቀት ስጡት። አሸዋ የጫነ ሲኖ ቁልቁለት እየወረደ ከሆነ ግን ሹፌሩ ቢፈልግም ቶሎ አይቆምለትም፣ አሳልፉት በቃ።

ከመጋቢ መንገድ ወደ ቀኝ ታጥፎ ዋናው ላይ ሊገባ የቆመ ሹፌር አንገቱ ወደ ግራ ነው፣ ከቀኙ የሚመጣ እግረኛ ካለ አያየውም፣ እና ድንገት ተነስቶ ድንገት ሊቆም ይችላል፣ ከኋላው ከሆናችሁ እሱ ሄደ ብላችሁ እናንተም ግራ እያያችሁ አትከተሉት። ረጅም መብራት ብልጭ ካደረገላችሁም አትቸኩሉ፣ አንዱ እለፍ ማለቱ ነው ሌላው እኔ እየመጣሁ ነው ማለቱ ነው፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ካያችሁ ብቻ እለፉ።

አንድ ነገር በጣም ልለምናችሁ፣ የፊት መስታወቱ ጎን ላይ ያለው ቋሚ ብረት ሞተር ሳይክል ሙሉ በሙሉ ይደብቃል። እኔ ጀሞ አካባቢ ስታጠፍ መንገዱ ባዶ ነው ብዬ ገብቼ ሞተረኛው ብረቱ ጀርባ ነበር፣ ፍሬን ይዤ በአንድ ክንድ ተላለፍን፣ እጄ እስከ ቤት ተንቀጠቀጠ። ከጎን እየመጣ መስታወታችሁ ላይ አንድ ቦታ ሳይንቀሳቀስ እየተለቀ የሚሄድ ነገር ሊገጫችሁ ነው ማለት ነው፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ ከሸሸ ትተላለፋላችሁ። ስለዚህ ሁሌ ከመግባታችሁ በፊት ደረታችሁን ወደ መሪው ጠጋ አድርጋችሁ ከብረቱ ጀርባ እዩ።

ለመለማመድ ታክሲ ስትሳፈሩ ጋቢና ተቀመጡና በየመገናኛው እያንዳንዱ መኪና ምን እንደሚያደርግ በሆዳችሁ ገምቱ፣ ስትሳሳቱ ምን ምልክት እንዳመለጣችሁ መልሳችሁ አስቡ።