መሀል ላይ የቆመ የኡቡንቱ አፕግሬድ፦ ነገሩን የሚያባብሱ ስህተቶች

ኮዬ ፈጬ አካባቢ "አፕግሬድ ሳደርገው ሞተብኝ" ተብሎ ላፕቶፕ ሲመጣልኝ ቀድሜ የምጠይቀው ከቆመ በኋላ ምን እንደተደረገበት ነው። መሀል ላይ የቆመ የኡቡንቱ (የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) አፕግሬድ፣ ማለትም ወደ አዲስ ቨርዥን ማሻገር፣ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ሰውን ፋይል የሚያሳጣው ከዚያ በኋላ በድንጋጤ የሚነካካው ነው።

ከመብራት እንጀምር። እኛ ሰፈር ትንሽ ከዘነበ መብራት ይሄዳል፤ ያረጀ ባትሪ ደግሞ አያስተማምንም። ግን ሁሉም ደረጃ እኩል አደገኛ አይደለም። አፕግሬዱ መጀመሪያ ፋይሎቹን ያወርዳል፣ ቀጥሎ ይጭናል። እያወረደ ሳለ ሆትስፖቱ ቢቋረጥ ወይም ጥቅላችሁ ቢያልቅ አትጨነቁ። የወረደው እዚያው ይቀመጣል፣ ሲስተሙም እንደነበረ ነው። መጫን ከጀመረ በኋላ መብራት ከሄደ ግን ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነ ሲስተም ነው የምታገኙት። በሌሊት ጥቅል ማውረድ ብልህነት ነው፤ ጀምሮ መተኛት ግን አይደለም። አውርዶ ሲጨርስ እናንተን ሳይጠብቅ ወደ መጫኑ ይገባል።

"ደርቋል" ብሎ የፓወር ቁልፍ መጫን ሌላው ነው። ብዙ ጊዜ አልደረቀም፤ መልስ እየጠበቀ ነው። የቀየራችሁት የኮንፊገሬሽን ፋይል ካለ የድሮው ይቆይ ወይስ በአዲሱ ይተካ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ውስጥ ተደብቆ ሊቀር ስለሚችል ከፍታችሁ እዩ። ግራ ከገባችሁ የድሮውን አስቀሩ።

ዩቲዩብ ላይ በብዛት የሚመከረው፣ እኔ ግን በጣም የምፈራው፣ የሎክ ፋይሉን (ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ላይ እንዳይጭኑ የሚከለክለውን) መሰረዝ ነው። ሎኩ ያለው ሌላ ፕሮግራም ፓኬጅ (የሚጫን የሶፍትዌር ስብስብ) እየጫነ ስለሆነ ነው፤ ምናልባት ኡቡንቱ ራሱ ከጀርባ የደህንነት ማሻሻያ እየጫነ ይሆናል። ሎኩን ሰርዛችሁ ሁለቱ አንድ ላይ ከጻፉ የፓኬጆቹ መዝገብ ይበላሻል። ታገሱ። አፕግሬዱ በእርግጥ ተቋርጦ ከሆነ ተርሚናል ላይ ፓኬጅ የሚጭነውን ፕሮግራም፣ ዲፒኬጂን፣ "ኮንፊገር ኦል" በሚለው ትእዛዝ (sudo dpkg --configure -a) አስኪዱት፤ በግማሽ የቀሩትን ይጨርሳል። ከዚያ ፓኬጆችን የሚያስተዳድረውን የአፕትን "ፊክስ ብሮክን" (sudo apt --fix-broken install) አስከትሉ። እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ በእነዚህ በሁለቱ ይነሳሉ።

የቡት ክፍልፋይ (ለመነሻ የሚያስፈልጉ ፋይሎች ያሉበት የዲስክ ክፍል) ሲሞላም እንዲሁ ነው። ለብቻው የተከፈለ ቡት ባለበት ማሽን ላይ የድሮ ከርነሎች (የሲስተሙ እምብርት የሆነው ፕሮግራም የቀድሞ ቅጂዎች) ተከማችተው አዲሱ ቦታ ያጣል። ፋይሎቹን በእጅ አትሰርዙ፤ አሁን የሚሠራውን ከርነል ልታጠፉት ትችላላችሁ። የአፕት "ኦቶሪሙቭ" (sudo apt autoremove) የማያስፈልጉትን ለይቶ ያነሳል። ይህን ከአፕግሬዱ በፊት ማድረግ ነው የሚሻለው።

ከኡቡንቱ ቨርዥን 20.04 በቀጥታ ወደ 24.04 መዝለል አይቻልም፤ በ22.04 ማለፍ ግድ ነው። የሶርስ ዝርዝሩን (ፓኬጆች የሚወርዱባቸውን አድራሻዎች) በእጅ ቀይሮ ለመዝለል የሚሞክር ሰው አይጠፋም። አትሞክሩት።

አሁን ወደ ትልቁ፦ ስክሪኑ ጥቁር ስለሆነ ብቻ ፎርማት ማድረግ። ላፕቶፑ ሲነሳ ሺፍት ወይም ኢስኬፕ ጫኑ፤ የግራብ (የማስነሻ ፕሮግራሙ) ዝርዝር ይመጣል። "አድቫንስድ ኦፕሽንስ" ውስጥ የድሮው ከርነል አለ፤ በእሱ አስነሱት። በተለይ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ካለው፣ ጥቁር የሆነው ድራይቨሩ ከአዲሱ ከርነል ጋር ስላልተስማማ ሊሆን ይችላል። እዚያው ያለው ሪከቨሪ ሞድ ደግሞ ቦታ የሚያስለቅቅና የተሰበሩ ፓኬጆችን የሚጠግን ምርጫ አለው። ይህም እምቢ ካለ በሌላ ኮምፒውተር የኡቡንቱ ማስነሻ ፍላሽ አዘጋጁና ላፕቶፑን በፍላሹ አስነሱት። "ትራይ ኡቡንቱ" የሚለውን ምረጡ። ዲስኩ ካልተመሰጠረ የሆም ፎልደራችሁ ወዲያው ይከፈታል፤ ከተመሰጠረ የይለፍ ቃሉን ይጠይቃል። ፎቶውንም የመመረቂያ ጽሑፉንም ወደ ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ገልብጡ። ፎርማት ከዚያ በኋላ ይታሰብ።

ሰው ለመጠየቅ ስትሄዱም "አልሠራም" ብቻ አትበሉ። ቫር ውስጥ፣ ሎግ ውስጥ "ዲስት አፕግሬድ" የሚል ፎልደር (/var/log/dist-upgrade) አለ። "ሜይን" እና "አፕት" የሚሉትን የሎግ ፋይሎች ከፍታችሁ የመጨረሻዎቹን መስመሮች በስልክ ፎቶ አንሱና ላኩ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እዚያው ተጽፏል።