ጅማ ዙሪያ ዒላማ ልትተኩሱ ነው? መጀመሪያ የማይተኩሰውን ሰው ምረጡ

ፈቃድ ያለው መሣሪያ የያዙ አምስት ስድስት ጓደኛሞች እሁድ ጠዋት ዒላማ እንተኩስ ሲባባሉ፣ ወሬው ሁሉ ማን ይመታል ነው። እኔ ቀድሜ የምጠይቀው ማን እንደማይተኩስ ነው። ያን ቀን መሣሪያ የማይነካ፣ ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ አንድ አዛዥ የግድ ነው። በዕድሜ ጠና ያለ ቢሆን ይሻላል፤ እኛ ዘንድ ታላቅ «ተው» ካለ ይሰማል።

ወረቀቱን ቶሎ ልለፈው። የመሣሪያ ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚተዳደር ነው። ፈቃድ ስላላችሁ ብቻ ግን ተሰብስባችሁ መተኮስ ተፈቀደላችሁ ማለት አይደለም። ለፖሊስና ለቀበሌ ቦታውንና ሰዓቱን አስታውቁ፣ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። እምቢ ካሉ ቀረ።

ቦታው ላይ ግን አትቸኩሉ። የሚገታው ካጣ የጠመንጃ ጥይት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ጅማ ዙሪያ ደግሞ ከሩቅ ጫካ የሚመስለው ብዙው ቡና ነው፣ ከጥላ ዛፉ ሥር ለቀማ ላይ ያሉ እናቶችና ልጆች አሉ፣ እናንተ ካላችሁበት ሆኖ ማንም አያያቸውም። ስለዚህ ከዒላማው ኋላ ከሰው ቁመት በደንብ የሚበልጥ የአፈር ግድግዳ ይኑር። ድንጋይ የሌለበት ቀይ አፈር ጥሩ ነው። ድንጋይ ግን ጥይት ያነጥራል። ጠርሙስም አትስቀሉ፣ ካርቶን ይበቃል።

ተኳሾች በአንድ መስመር ይቁሙ። አፈሙዝ ሁሌ ወደ ዒላማው፣ ጣት ዒላማው ላይ እስክታነጣጥሩ ድረስ ከቃታው ውጭ። «ተኩስ አቁም» ማንም መጮህ ይችላል፣ ያኔ ሁሉም ያቆማል። ዒላማ ለማየት ከመሄዳችሁ በፊት ካዝና፣ ማለትም የጥይት መያዣው፣ ይውጣ፣ አዛዡ የእያንዳንዱን መሣሪያ ባዶነት በዓይኑ ይይ፣ ሰው ወደፊት እያለ ማንም መሣሪያ አይንካ።

ጥይት ሲከሽፍ ነው እኔን የሚያስፈራኝ። አንድ ወዳጄ ከሸፈበትና «አልሠራም፣ እየው» ብሎ ከነጠመንጃው ወደ እኔ ዞረ። ደሜ ነው የቀዘቀዘው። ከሸፈ ማለት ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። አፈሙዙን ሳታዞሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዚያ አውጡት።

የጠጣ አይተኩስ። ቅሞ የመጣም እንደዚያው። ጆሮ መድፈኛ ለተመልካቹም ያዙ፣ ጥጥ አይበቃም። ደም ማቆሚያ ፋሻና ወደ ሆስፒታል የሚሄድ መኪና ዝግጁ ይሁን። እርሳስ መርዝ ስለሆነ ሳትታጠቡ ቆሎ አትዝገኑ። ቀልሃውንና የከሸፉትን ቆጥራችሁ ልቀሙ፤ ነገ እዚያው ከብት የሚያግዱ ልጆች አግኝተው እሳት ውስጥ ይጨምሩታል።