የኋላ መስታወት ማሞቂያ (ዲፍሮስተር) አልሰራ ሲል፣ ሽቦው ተላቆ ከሆነስ?

ክረምት ላይ ጠዋት መኪናው ውስጥ ሰው ሞልቶ ከሆነ የኋላው መስታወት ወዲያው ጭጋግ ይይዘዋል፣ ማሞቂያውን ትጫኑታላችሁ፣ ክሩስኮቶው (ዳሽቦርዱ) ላይ መብራቱ ይበራል፣ መስታወቱ ግን ንቅንቅ የለም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ሙጫ ፍለጋ ይሮጣል፣ መጀመሪያ ግን ምኑ እንደሞተ እንለይ።

አንድ መስመር ብቻ ጭጋጉን ሳያጠፋ ከቀረ ችግሩ እዛ መስመር ላይ ነው፣ የሆነ ቦታ ተቆርጧል፣ እሱ ብር ባለበት፣ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ቀለም የሚደፈን ነገር ነው። ምንም መስመር ካልሞቀ ግን ወይ ፊውዝ ወይ ሪሌ (ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ) ወይ ደግሞ በመስታወቱ ግራና ቀኝ ካሉት ተርሚናሎች፣ ማለትም ሽቦ ከሚሰካባቸው ትንንሽ ብረቶች፣ አንዷ ተላቃለች ማለት ነው። መስመሮቹ ብር ያለበት ቅባት ሆነው መስታወቱ ላይ የተጋገሩ ናቸው፣ ተርሚናሎቹ ደግሞ ዳርና ዳር ባለው ሰፊ መስመር ላይ በስታኞ (ቀልጦ በሚያጣብቅ ብረት) የተበየዱ፣ በአንዷ ፖዘቲቭ ይገባል በሌላኛዋ ወደ ማሳ (ኔጌቲቩ፣ ቦዲው) ይወጣል፣ ስለዚህ አንዷ ብቻ ብትላቀቅም አብዛኛው መኪና ላይ ሁሉም ይሞታል።

ለምን ትላቀቃለች? ቲንት ሲላጥ በምላጭ ተገፍታ፣ ከኋላ እቃ ሲጫን ሽቦው ተስቦ፣ መስታወት ሲወለወል ጨርቁ ይዟት። በተለይ ቲንት የሚልጡትን ልጆች ቆማችሁ እዩአቸው።

ቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ዲሲ 20 ላይ አድርጉት፣ ሞተር አስነስታችሁ ማሞቂያውን አብሩና የተንጠለጠለውን ሽቦ ከቦዲው ጋር ለኩት። ከ12 እስከ 14 ቮልት ካሳየ ኤሌክትሪኩ እስከ ሽቦው ጫፍ ድረስ እየመጣ ነው፣ ተርሚናሏን መመለስ ብቻ ነው የቀራችሁ። ዜሮ ካሳየ የተላቀቀው የማሳው ሽቦ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ያኛውንም ጎን ለኩ፣ እዛም ከሌለ ፊውዙንና ሪሌውን እዩ። ሁለቱም ተርሚናል ቦታቸው ላይ ሆነው ሁለቱም ጋ 12 ካገኛችሁ ደግሞ ማሳው ነው የተቋረጠው። ቶሎ በሉ ታዲያ፣ ብዙ መኪና ላይ ማሞቂያው ከ10 ከ15 ደቂቃ በኋላ ራሱ ይጠፋል፣ ያኔ ዜሮ አይታችሁ ተቃጠለ እንዳትሉ። የተንጠለጠለው የፖዘቲቩ ከሆነ እስኪሰራ ድረስ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልሉት፣ ቦዲ ከነካ ፊውዙን ይበላዋል።

አሁን ወደ ማጣበቁ። ሱፐር ግሉ አይሆንም! ይይዛል እኮ፣ ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ጭራሽ ቦታውን ይሸፍንባችሁና ቀጥሎ የሚሰራውን ሰው ያስቸግረዋል። ብረት የሚመስለው ሁለት ቱቦ ማጣበቂያም እንደዛው። የሚያስፈልገው ብር ያለበት፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ኢፖክሲ ነው፣ ገበያ ላይ ካጣችሁት ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ አስመጡ፣ ትንሽ ነገር ናት። አሮጌውን ስታኞና ሙጫ ከተርሚናሏ ላይ አጽዱ፣ መስታወቱ ላይ የምትለጠፍበትን ቦታ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በጣም በስሱ ነካ ነካ አድርጉት፣ ብሩ ስስ ነው ከተፋቀ አለቀለት፣ ከዛ ሁለቱንም በአልኮል ጠርጉ። ኢፖክሲውን ማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ቀላቅሉ፣ ትንሽ ቀቡ፣ ተርሚናሏን ጫን አድርጋችሁ በፕላስተር አስሩና ማሸጊያው የሚለውን ያህል ተዉት፣ ብዙዎቹ 24 ሰዓት ይላሉ፣ እስከዛ ማሞቂያው አይበራም። ሽቦውን ስትሰኩ ተርሚናሏን በፒንሳ ያዙ፣ አለዚያ ገፍታችሁ መልሳችሁ ትነቅሏታላችሁ።

በስታኞስ? ይቻላል፣ እጁ ያለው ሰው ሲሰራው እንደውም ከኢፖክሲ ይጠነክራል፣ ግን ተራ ስታኞ የመስታወቱን ብር ያሟሟዋል፣ ብር የተቀላቀለበት መሆን አለበት። መስታወቱ ደግሞ ቀዝቃዛ ላይ ድንገት ከጋለ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ የኋላው አብዛኛውን ጊዜ ቴምፐርድ (በሙቀት የተጠናከረ መስታወት) ስለሆነ ከሄደ እንደ በቆሎ ፍሬ ነው የሚበታተነው። ስለዚህ መጀመሪያ በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርጉት፣ የተርሚናሏንም የመስታወቱንም ፊት በስታኞ ቀብታችሁ አዘጋጁ፣ መበየጃውን ጥቂት ሰከንድ ብቻ አስነኩ። ለጀማሪ አልመክርም።

ተርሚናሏ ብሩን ይዛ ተነቅላ ከሆነ ባዶው መስታወት ላይ መልሶ መለጠፍ ዋጋ የለውም፣ እዛው ሰፊው መስመር ላይ ብሩ ወዳለበት ትንሽ ፈቀቅ አድርጉና ለጥፉ።

ሲያልቅ አብሩትና ጠብቁ፣ ጭጋጉ መስመር በመስመር መጥራት አለበት። መስመሮቹ ሳይሞቁ ተርሚናሏ ብቻዋን ከጋለች ግን ማያያዣው አልያዘም፣ ቶሎ አጥፉና ከጽዳቱ ጀምራችሁ ድገሙት።