ኤክስፒው አዲሱን ፎልደር አላይ ሲል

ጅማ ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር ማየት የፈለገ ሰው ሥራ ቦታ ይግባ። የቡና መጋዘን ሚዛን አጠገብ፣ ስቲከር የሚቆርጠው ማሽን ጎን፣ ፒችትሪ የሚሠራበት ሒሳብ ክፍል፣ ዛሬም ዊንዶውስ ኤክስፒ አለ። ባለቤቶቹ ቋጣሪ ስለሆኑ አይደለም። ማሽኑን የሚያዘው ሶፍትዌር አዲስ ዊንዶውስ ላይ አልጫንም ስለሚል ነው። ጣጣው የሚመጣው አዲስ ላፕቶፕ ሲገዛ ነው። ሁለቱ በኔትወርክ ፎልደር ለመጋራት አልግባባ ይላሉ፣ ፍላሽ ይመላለሳል፣ ከፍላሹ ጋር ቫይረሱም።

ምልክት፦ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ጭራሽ አይተያዩም

መጀመሪያ የአሮጌውን ጀርባ እዩ። ኬብሉ የሚሰካበት ቦታ ትንሽ መብራት አለች። ካልበራች ሌላውን ሁሉ ተዉትና ኬብሉን ያዙ። በግድግዳ ውጪ ወይም በቆርቆሮ ሥር ያለፈ ኬብል የጅማን ዝናብ ብዙ አይችልም። ጫፉን ነቅላችሁ ብርሃን ላይ ብታዩት ናሱ አረንጓዴ ሆኖ ታገኙታላችሁ። መፍትሄው ጫፉን ቆርጦ አዲስ ኮኔክተር መምታት ነው። መያዣዋ የተሰበረ ኮኔክተርም ያው ነው፤ የተሰካ ይመስላል እንጂ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ይላቀቃል።

መብራቷ ከበራች የአይፒ አድራሻውን (ኔትወርክ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) እዩ። በ169.254 ከጀመረ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው። ራውተሩ 192.168.1.1 ከሆነ ለአሮጌው ለምሳሌ 192.168.1.200 ብላችሁ በእጅ ስጡት፤ ቁጥሩን ሌላ ማሽን እንዳልያዘው ግን አረጋግጡ። በዋይፋይ ለማገናኘት አትድከሙ። ሰርቪስ ፓክ 3 የተባለው ማሻሻያ ያልተጫነበት ኤክስፒ ከዛሬ ራውተሮች የዋይፋይ ጥበቃ ጋር ያጣላችኋል። ኬብል ሳቡና ተገላገሉ።

አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ኔትወርኩ "ፐብሊክ" ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ ከውጪ የሚመጣውን የሚያግደው ፋየርዎል ጎረቤቱን አያስገባም። "ፕራይቬት" አድርጉት።

ምልክት፦ ፒንግ ("አለህ ወይ" የሚለው የኔትወርክ ጥሪ) ይመልሳል፣ ፎልደሩ ግን አይከፈትም

አብዛኛው ሰው የሚጣበቀው እዚህ ነው። በስሙ ከመፈለግ በፊት በአይፒው ሞክሩ። "ሩን" ላይ \\192.168.1.10 ብላችሁ ጻፉ፤ ቁጥሩን በራሳችሁ ተኩት። በቁጥር ከተከፈተ ችግሩ ስሙ ላይ ብቻ ስለሆነ በቁጥሩ ሾርትከት ሠርታችሁ ወደ ሥራችሁ ሂዱ።

በቁጥርም ካልተከፈተ ምክንያቱ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል ነው። ዊንዶውስ ፎልደር የሚጋራበት ቋንቋ ኤስኤምቢ ይባላል፤ ኤክስፒ የሚያውቀው ኤስኤምቢ 1ን ብቻ ነው። ኤስኤምቢ 2 ከኤክስፒ ቀጥሎ ከወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው በኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ገብቶ ዓለምን አመሰ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሥራ ተስተጓጎለባቸው። ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ካወጣው ዊንዶውስ 10 ጀምሮ ኤስኤምቢ 1 አብሮ መጫኑ ቀረ። ስለዚህ ላፕቶፑ አልተበላሸም፤ ሆን ተብሎ ነው በሩ የተዘጋው።

ብዙ ቴክኒሻን ሲጠራ በሩን ብርግድ አድርጎ ከፍቶ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። እኔ በዚህ አልስማማም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "ፎልደሩ ማን ጋ ይቀመጥ?" የሚለው ነው። ሰው ሁሉ ፎልደሩን አዲሱ ላይ አድርጎ ኤክስፒው እንዲገባበት ይፈልጋል። ያኔ አዲሱ ላይ የኤስኤምቢ 1 "ሰርቨር"፣ ማለትም ፎልደር ሰጪው ክፍል፣ መከፈት አለበት፤ አደገኛው ደግሞ እሱ ነው። አገላብጡት። የሚዛኑ ኮምፒውተር የቡናውን ክብደት የራሱ ፎልደር ውስጥ ይጻፍ፣ ያንን ሼር ያድርግ፣ የቢሮው ላፕቶፕ ሄዶ ያንብብ። ያኔ ላፕቶፑ ላይ የሚያስፈልገው "ክላይንት" የሚለው፣ ሄዶ የሚያነበው ክፍል፣ ብቻ ነው።

አከፋፈቱ እንዲህ ነው። ላፕቶፑ ላይ "ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ" የሚለውን ክፈቱ። "ኤስኤምቢ 1.0" ከሚለው ጎን ያለችውን የመደመር ምልክት ስትጫኑ ሦስት መስመር ይወጣል። "ክላይንት" የሚለውን ብቻ ምረጡ። "ኦቶማቲክ ሪሙቫል" የሚለው ላይ ምልክት ካለ አንሱት። እሱ ከተተወ፣ ኤስኤምቢ 1 በድምሩ 15 ቀን ሳይሠራበት ሲቀር ዊንዶውስ ራሱ ያነሳዋል። "ባለፈው ሠርቶልን ነበር፣ አሁን እንቢ አለ" የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው፤ ቡና በማይገባበት ወራት ማን ሚዛኑን ይከፍታል?

ኤክስፒውን ከኢንተርኔት ቁረጡት። የማይክሮሶፍት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 አብቅቷል። የመውጫ መስመሩን፣ ማለትም "ጌትዌይ" የሚለውን ቦታ፣ ባዶ ብትተዉት ቢሮ ውስጥ ይነጋገራል፣ ውጪ ግን አይወጣም።

ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11፣ 24ኤች2 የተባለው ስሪት ከሆነ ግን ሌላ ጣጣ አለ። እሱ በራሱ ሴቲንግ በሚመላለሰው መልእክት ላይ ዲጂታል ፊርማ ይጠይቃል፣ ፕሮ የሚባለው ደግሞ ያለ ፓስወርድ በእንግድነት መግባትንም ይከለክላል። ጥበቃውን አንድ በአንድ ከማውረድ መካከለኛ ማሽን ማስቀመጥ ይሻላል። የተጣለ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስንና ከዊንዶውስ ጋር ፎልደር የሚያጋራውን ሳምባ የተባለ ፕሮግራም ጫኑ። ሳምባም ከ4.11 ጀምሮ ኤስኤምቢ 1ን ስለዘጋ ዝቅተኛው ፕሮቶኮል "ኤንቲ1" (ኤስኤምቢ 1 ማለት ነው) ይሁን ብላችሁ ማዘዝ አለባችሁ። አሮጌው በኤስኤምቢ 1 ያስቀምጣል፣ አዲሱ በኤስኤምቢ 3 ያነሳል፣ የቢሮው ላፕቶፕ ሳይነካ ይቀራል። ይህም ከከበዳችሁ በዚያው ማሽን ላይ ኤፍቲፒ የተባለው የፋይል መላላኪያ ሰርቨር ይበቃል፤ ኤክስፒ ኤፍቲፒን በራሱ መስኮት ይከፍታል።

ምልክት፦ ፓስወርድ ደጋግሞ ይጠይቃል

ላፕቶፑን የምትከፍቱበት ፒን እዚህ አይሠራም። ባዶ ፓስወርድም በኔትወርክ አያስገባም። ፎልደሩ ያለበት ማሽን ላይ ለዚሁ ሥራ ብቻ አንድ ተጠቃሚ ፍጠሩ፤ ስሙም ፓስወርዱም በላቲን ፊደል ይሁን። ፎልደሩ ኤክስፒ ፕሮፌሽናል ላይ ከሆነ "ሲምፕል ፋይል ሼሪንግ" የሚለውን አጥፉ፤ አለበለዚያ የመጣውን ሁሉ በእንግድነት ነው የሚያየው።

ሳምባው ኤክስፒውን ካልተቀበለው፣ ኤክስፒው ላይ "ሎካል ሴኪዩሪቲ ፖሊሲ" ውስጥ ገብታችሁ ፓስወርድ የሚረጋገጥበትን መንገድ የሚወስነውን የ"ላን ማኔጀር ኦተንቲኬሽን ሌቭል" ምርጫ "ኤንቲኤልኤም ቪ2 ብቻ" አድርጉት።

ከዚህ በኋላም እንቢ ካለ ቀኑን እዩ። ኤክስፒው በዚህ መንገድ ሲገባ ከመልሱ ጋር የራሱን ሰዓት ይልካል፤ ልዩነቱ ከበዛ ትክክለኛው ፓስወርድም ውድቅ ሊሆን ይችላል። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ወደ 2002 የሚመለስ ከሆነ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል፤ ሲአር2032 የምትባለው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ናት። ሌላው የአገራችን ነገር ነው። አንዱ መጥቶ ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ይሞላዋል። ለሰው ትክክል ነው፣ ለኔትወርኩ ግን ማሽኑ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ።

ምልክት፦ ይከፈታል፣ የአማርኛ ስሞች ግን ሳጥን ሆነው ይታያሉ

ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ኒያላ የተባለው የግዕዝ ፎንት ከቪስታ ጋር ነው የመጣው። የዩኒኮድ አማርኛ ፎንት ጫኑና በመስኮት ማሳያ ሴቲንግ ውስጥ የጽሑፉን ፎንት በእሱ ቀይሩ። ፋይሉ ራሱ አልተበላሸም። ዊንዶውስ 98 ከሆነ ግን ፎንት አያድነውም፤ ዩኒኮድ ስም ስለማይገባው ፋይሉን በላቲን ሰይሙት። ሼር የምታደርጉትን ፎልደር ስምም ከ12 ፊደል አታሳልፉ፤ ካለፈ 98 ጭራሽ አያሳየውም።