ከመበታተናችሁ በፊት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሐሳቡ ሁሉ ፈተናው ላይ ነው፤ መሆንም አለበት። ችግሩ ግን ከፈተናው በኋላ ክፍሉን አንድ ላይ የሚያገኘው አለመኖሩ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ ተማሪ በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ነው የሚፈተነው። ከግቢ ሲወጣ የኩታበሩ ወደ ኩታበር፣ የሐርቡው ወደ ሐርቡ ይሄዳል፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚመለስ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰነዱም፣ መጽሐፉም፣ ለታናናሾች የሚቀረውም ነገር ከሞዴል ፈተና በፊት ማለቅ አለበት። በየካቲት ከተጀመረ ይደርሳል። በግንቦት የተጀመረ ግማሹ ይቀራል።

መጀመሪያ ስም

የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬታችሁን፣ የየዓመቱን ሪፖርት ካርድና ፋይዳ መታወቂያችሁን ጎን ለጎን አስቀምጡና ስማችሁን ፊደል በፊደል አስተያዩ፤ የአባትንና የአያትን ጭምር። በወሎ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መሐመድ የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ ጸሐፊ በኦ፣ ሌላው በዩ ይጽፈዋል፤ ኤሙን አንድ የሚያደርግም ሁለት የሚያደርግም አለ። ሰይድና ይመርም ከዚህ አያመልጡም። ለሰው አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ሰው ነው።

ስህተቱ ሪፖርት ካርድ ላይ ከሆነ ሪከርድ ክፍሉ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ ያርመዋል። ሰርተፍኬቱ ላይ ከሆነ ግን ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይጻፋል፣ መልስ ይጠበቃል፤ በየካቲት ጀምሩ ያልነው በዋናነት ለዚህ ነው። ለፈተና ስትመዘገቡም ቅጹን ከማስረከባችሁ በፊት ለጓደኛችሁ አስነብቡት። ሰው የራሱን ስም አያነበውም፣ ያልፈዋል።

ትራንስክሪፕት ሲጠየቅ ቅድሚያ የሚሰጠው ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ ለመጣ ተማሪ ነው። የ9ኛ ወይም የ10ኛ ክፍል ውጤቱ ከነበረበት ቦታ ካልመጣ ወረቀቱ አይሞላለትም። ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ የምትጠየቁት በየዓመቱ ብዙም አይለወጥም፦ የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬትና የ9–12 ትራንስክሪፕት ዋናውና ኮፒው፣ 3 በ 4 የሆነ ጉርድ ፎቶ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ። ከእያንዳንዱ ሰነድ አምስት አምስት ኮፒ አስነሱ። ዋናውን በቀን ብርሃን በስልክ ፎቶ አንሱና ወደ ራሳችሁ ኢሜይል ላኩት። አንድ ኮፒ ደግሞ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ብዙ ቤተሰብ በለበሰው ልብስ ብቻ ስለወጣ፣ ይህን ማስረዳት የሚያስፈልገው ሰው እዚህ ያለ አይመስለንም።

ለ11ኛ ክፍል የሚቀር ማስታወሻ

ከምትተዉት ነገር ሁሉ የሚሻለው ይህ ነው፤ ወጪውም ትንሽ ነው። ለየትምህርቱ ሁለት ሰው መድቡ፤ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያርማል። የአንድን ጎበዝ ተማሪ ደብተር እንዳለ ኮፒ ማድረግ አይሠራም፤ ለራሱ በሚገባው አጭር ምልክት ስለጻፈው ሌላው አይከተለውም። እንደ አዲስ ይጻፍ፦ በምዕራፍ ተከፍሎ፣ በጥቁር እስክሪብቶ፣ በገጹ ግራ በኩል ሁለት ጣት ያህል ባዶ ተትቶ። እርሳስ ኮፒ ላይ ይጠፋል፤ ባዶው ካልተተወ ስፓይራሉ ጽሑፉን ይበላዋል። በሒሳብና በፊዚክስ መልሱ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ አሠራሩ በየደረጃው ይግባ። በየምዕራፉ መጨረሻ ክፍሉ ሞዴል ፈተና ላይ በብዛት የሳታቸው ጥያቄዎች፣ ለምን እንደተሳቱ በአንድ መስመር ተገልጾ ይጻፉ። ይህቺ አንዷ መስመር ከሌላው ሁሉ ትበልጣለች። ሞዴሉ የመጨረሻው ሥራ ስለሚሆን ሌላው ገጽ ቀድሞ ማለቅ አለበት። ለእያንዳንዱ ትምህርት ሦስት ቅጂ ይበቃል፦ አንድ ለቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ለትምህርት ክፍሉ፣ አንድ ለ11ኛ ክፍል አለቆች።

የተዋሳችሁትን መጽሐፍ ከመመለሳችሁ በፊት ጠግኑት። የተገነጠለ ገጽ በኮላ ይለጠፍ፤ ስኮችቴፕ በዓመቱ ይቢጫል፣ ፊደሉንም ይዞ ይነሳል። በደሴ ክረምት እርጥብ መጽሐፍ ላስቲክ ውስጥ ከታሸገ ይሻግታልና በደንብ አድርቁት። መጽሐፍ ያልመለሰ ክሊራንስ (የትምህርት ቤቱ ንብረት እንደሌለበት የሚያረጋግጥ ወረቀት) አያልቅለትም፤ ክሊራንስ የሌለው ደግሞ ትራንስክሪፕት ሲጠይቅ ይጉላላል።

መዋጮና ስጦታ

መዋጮ ከመጀመሩ በፊት ርዕሰ መምህሩን ምን እንደሚጎድል ጠይቁ። የግድግዳ ሰዓት የማይገዛ ባች የለም፤ የሚያስፈልገው ግን ብዙ ጊዜ የሚኒ ሚዲያው ማይክሮፎን ወይም የላቦራቶሪ ቁልፍ ነው። ገንዘቡ በትምህርት ቤቱ በኩል የሚያልፍ ከሆነ በሞዴል 64 (የገንዘብ መቀበያ) ደረሰኝ ይግባ። ዕቃ ከሆነ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ አስደርጉትና ኮፒውን ያዙ። ያልተመዘገበ ዕቃ ርዕሰ መምህር ሲቀየር የት እንደገባ የሚያውቅ አይኖርም። ስም ዝርዝር የሚይዘውና ገንዘብ የሚቀበለው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነውና። መክፈል ያልቻለ ተማሪ ስም ግን ሰሌዳ ላይ አይለጠፍ።

የመሰነባበቻው ቀን ዓርብ ከሆነ ከጁምዓ በፊት ይለቅ። ምግቡ የጾም ይሁን። በሰኔ የሐዋርያት ጾም ስላለ ብቻ አይደለም፤ ሥጋ ከገባ ሁለት ድስት፣ ሁለት ማዕድ ያስፈልጋል፤ ምስርና ሽሮ ግን እስላሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ትሪ ላይ ያስቀምጣል። ምርቃቱን አንድ ሼክና አንድ ቄስ ቢያደርሱት ጥሩ ነው። የዩኒፎርም ላይ ፊርማ ለምትወዱ፦ ታናሽ ወንድም ወይም እህት የሚለብሰውን ዩኒፎርም አታበላሹ።

ቴሌግራም ግሩፑ

የግሩፑ ባለቤት አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው ስልኩ ሲጠፋበት ወይም ቁጥሩ ሲዘጋበት ግሩፑ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ሙሉ ሥልጣን ያላቸው ሦስት አድሚኖች ይኑሩ፤ አንዱ ከተማው ውስጥ የሚቀር ቢሆን ይመረጣል፣ ትምህርት ቤቱ ሲፈልጋችሁ የሚያገኘው እሱን ነውና። የሁሉንም ስልክ ከአንድ የቤተሰብ ቁጥር ጋር በወረቀት ጻፉና ለስም ጠሪ መምህራችሁ ስጡ።

ግሩፕ የሚሞተው ውጤት በወጣ ቀን ነው። ያለፈው ደስታውን ይለጥፋል፣ 50 በመቶ ያልሞላለት ዝም ብሎ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ ተመልሶ አይገባም። ለሁለት ቀን አድሚን ብቻ እንዲጽፍ አድርጋችሁ ዝጉት። በሦስተኛው ቀን የሚለጠፈው የመጀመሪያ መልእክት ስለ ሬሚዲያል (የአቅም ማሻሻያ ትምህርት)፣ በድጋሚ ስለመፈተንና ስለ ቴክኒክና ሙያ ምዝገባ ይሁን። የእንኳን ደስ አላችሁ መልእክት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።